በሰማይ ያለፈውን ስለ መለየት



ለዚህ ለኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሰበካ ጉባኤው ባዘዘኝ ጊዜ፥ ስለ ደብሩ አተካከል ወይም ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች በዚሁ መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ ብዕሬ ወደ ሌላ ነገር ዘወር አለ። ወደዚያም የመራኝ በአንድ እሑድ በቅጽራችን ውስጥ የሆነ ትንሽ ነገር ነው።

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከጥዱ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አንድ አይሮፕላን በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አንጻር አልፎ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበርና ሁሉም ቀና ብሎ አየ። «የጦር ነው» ያለ ነበረ፤ «የጭነት ነው» ያለም ነበረ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፥ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ከፍታውም ምን ያህል እንደ ሆነ አነበበልን። ሕዝቡም ተደነቀ። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው፥ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፥ በደጀ ሰላሙ ግንብ ተጠግተው ቆመው ነበር። ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋም ድረስ ከዚያ አልወጡም። እኔም ቀርቤ «እማማ፥ አይሥጉ፤ የመንገደኛ አይሮፕላን ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «ምልክቱን አይተውታል፥ የኔታ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን አላየሁም ነበር፤ ልጁ ያነበበውን ሰምቼ ተናገርሁ እንጂ።

ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን የረሳሁትን የቅኔ መምህሬን ነገር አስታወሰኝ። መምህራችን በትምህርቱ መካከል አይሮፕላን ሲያልፍ ዝም ይሉና፥ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ምንድን ናት?» ብለው ይጠይቁን ነበር። «አይሮፕላን ናት» ብሎ የመለሰ ተማሪ እንዳልመለሰ ይቈጠር ነበር። ክንፏ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? ድምፅዋ የአንድ ሞተር ነው ወይስ የብዙ? ከየት መጣች፥ ወዴትስ ሄደች? በጅራቷ ላይ ምን ምልክት አለ? ምንስ ጣለች? እያሉ በየተራ ይመረምሩን ነበር። እኛ ልጆች ስለ ነበርን ነገሩን እንደ ጨዋታ እናየው ነበር፤ ምክንያቱን የነገሩን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. መምህራችን ዐሥር ዓመት ያህል የሆናቸው ልጅ ነበሩና በደሴ አጠገብ ከብት ይጠብቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በደሴ መስፈራቸውን ያውቃሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አይሮፕላን እንዳላቸውም ከሰው ሰምተዋል። ስለዚህ ጠዋት ድምፅ ሰምተው ቀና ባሉ ጊዜ «የጃንሆይ ናት» ብለው በሜዳው መካከል ቆመው ያዩ ጀመር። አያታቸው ሮጠው መጥተው ወደ ገደሉ ሥር ባይስቡአቸው ኖሮ በዚያች ቀን በሞቱ ነበር። ቦምቡ በወደቀ ጊዜ ግራ ጆሮአቸው ደነቈረ፤ እስኪያርፉም ድረስ በዚያ ጆሮ አልሰሙም። «ዓይኔስ አይታ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም» ይሉን ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህች ቃል የወጣ ነው። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ለይቶ ማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ ለይቶ ያወቁትን ጽፎ ማቆየት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። አባቶቻችን በሰማያቸው ያለፈውን ለመለየት የተማሩት በብዙ ዋጋ ነው። የዚህንም ትምህርት ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ባጭሩ እናገራለሁ። ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ አደን ሄደው ሳሉ የእንግሊዝን የጦር አይሮፕላኖች አይተው ነበር። ከዚያም ወዲህ ለአገራቸው አይሮፕላን ለማስመጣት አሰቡ። አሳባቸውም በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈጸመ። በዚያ ቀን አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ፥ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አይሮፕላን ከጅቡቲ ነድቶ አዲስ አበባ አገባ። ጥቂት ቀንም ቈይቶ በጀርመን አገር የተሠራች ዩንከርስ የምትባል ሌላ አይሮፕላን ደረሰች።

እነዚህ ሁለቱ ሲታዩ እጅግ የተለያዩ ነበሩ። ፖቴዝ ክንፏ ድርብ ነው፤ የላይኛው ክንፍ ረጅም፥ የታችኛው አጭር ሆኖ በመካከላቸው ደጋፊ ቋሚዎች አሉ። ክንፏም የለበሰው ሸራ ነው። ዩንከርስ ግን ክንፏ ነጠላ ሆኖ ከሆዷ ሥር የተዘረጋ ነው፤ ገላዋም ሁሉ እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸነሸነ ብረት ነው። ሁለቱም በፊታቸው አንድ አንድ ሞተር አላቸው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ አስተዋይ ሰው ክንፉን ብቻ አይቶ «ይህች የፈረንሳይ ሥራ ናት፤ ይህች የጀርመን ሥራ ናት» ለማለት ይችል ነበር። ነገር ግን የሠራው ማን እንደ ሆነ ማወቅና የላከው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አንድ አይደለም። ሁለቱም በባዕድ አገር ተሠርተው የኢትዮጵያ ንብረት ሆነዋልና።

የቅኔ ተማሪ ይህን ነገር ቶሎ ያስተውለዋል። ቃሉን ሰምቶ «ገባኝ» የሚል ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ነው። የአይሮፕላን ክንፍና ድምፅ ሰሙ ነው፤ ወርቁ የመጣችበት ጉዳይ ነው። ወደ ወርቁ የሚደረሰው ግን ሰሙን በመናቅ ሳይሆን ሰሙን በሚገባ በመመርመር ነው።

ሰማዩ በእኛ ወገን መካከል መጀመሪያ የጦር መንገድ የሆነው በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከአዲስ አበባው መንግሥት ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ይዘው በተነሡ ጊዜ፥ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የመንግሥቱን ጦር መርተው ዘመቱ። አይሮፕላኖቹም አብረው ተላኩ። ከውጊያው አስቀድሞ በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ የጣሉት ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። በወረቀቱም የመንግሥቱ ዐዋጅና የሊቀ ጳጳሱ የጳጳሳቱም ግዝት ተጽፎበት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግዝት ከመንበርና ከዐውደ ምሕረት ይነገር ነበር እንጂ ከደመና በታች ወርዶ አያውቅም ነበር። ወታደሩም ወረቀቱን ባነሣ ጊዜ የሚያነብለት ፈለገ፤ ያነበበለትም በሠራዊቱ መካከል የነበረ ካህን ወይም ደብተራ ወይም ሌላ ፊደል የቈጠረ ሰው ነበር። ከዚያም በመጋቢት 22 ቀን በአንቺም ውጊያው ሲሆን አይሮፕላኖቹ ቦምብ ጣሉ። ራስ ጉግሣም በዚያ ጦርነት ሞቱ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

እንግዲህ ያች አይሮፕላን በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ቃል፥ አንድ ጊዜ እሳት ጣለች። ክንፏ አልተለወጠም፤ ድምፅዋም አልተለወጠም። የጣለችው ተለወጠ እንጂ። መምህራችን «ምን ጣለች?» የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያውያን ራሳቸው አይሮፕላን መንዳት ተማሩ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ነጂዎች ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን መንግሥታችን የነበሩት አይሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት መሣሪያ የሌላቸው ስለ ነበሩ ሰውና መልእክት ከማመላለስ በቀር ለመዋጋት አይችሉም ነበር።

በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያኑ ቀን አይሮፕላኖቹ ዓድዋንና ዓዲግራትን ደበደቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሰሜን ላለ ሰው ሰማይን መመልከት የነፍስ ጉዳይ ሆነ። ከመጡትም ውስጥ ካፕሮኒ የሚባለው ዓይነት ብዙ ነበረ። ካፕሮኒ 101 እና ካፕሮኒ 133 ሦስት ሦስት ሞተር አላቸው፤ አንዱ በአፍንጫቸው፥ ሁለቱ በክንፋቸው ግራና ቀኝ። ክንፋቸው ነጠላ ሆኖ ከጀርባቸው በላይ የተዘረጋ ነው፤ እግራቸውም በበረራ ጊዜ አይታጠፍም። ሳቮያ 81 የሚባለውም ሦስት ሞተር አለው፤ ክንፉ ግን ከሆዱ በታች ነው። ካፕሮኒ 111 ደግሞ አንድ ሞተር ብቻ አለው። ሦስቱ ሞተር አንድ ላይ ሲጮኽ ድምፁ ከአንዱ ሞተር ድምፅ ይከብዳል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ሳይታይ አስቀድሞ በጆሮ ይለይ ነበር። በተራራማ አገር ግን ድምፅ ከገደል ወደ ገደል እየተመለሰ ከየት እንደሚመጣ ያሳስታል። ሰው ወደ ሰሜን ሲያይ ከምዕራብ ይመጣበታል።

የምልክቱ ነገር ከሁሉ የባሰ አሳሳች ነበር። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ አይሮፕላን በጅራቱ ላይ የአገሩን ሦስት ቀለም፥ አረንጓዴ ነጭ ቀይ፥ ይቀባ ነበር። የእኛ ሰንደቅ ዓላማ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። አረንጓዴውና ቀዩ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ የሚለያያቸው የመካከለኛው ቀለም ብቻ ነው። ፀሐይ በምታንጸባርቅበት ሰማይ፥ ከሩቅና በፍጥነት የሚያልፈውን ጅራት አይቶ መካከሉ ነጭ ነው ወይስ ቢጫ ብሎ ለመለየት የሚችል ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው? የመምህራችን ዓይን በዚያች ጠዋት አልቻለም። አንዲት ቀለም በወዳጅና በጠላት መካከል ቆማ ነበር።

በዚያው በኅዳር 26 ቀን በደሴ የሆነው በብዙ የውጭ አገር ሰዎች ፊት የሆነ ስለ ነበር ለዓለም ሁሉ ተሰማ። ከተማው በቦምብ ተቃጠለ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ወደ አይሮፕላኖቹ ተኰሱ። በከተማው የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞችም ያዩትን ጽፈው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረቡ።

በዚህ ስፍራ ነገሩ ወደ ሌላ ወገን ይዞራል። እስከ አሁን የተናገርነው በምድር ያለ ሰው በሰማይ ያለውን ስለ መለየቱ ነው። ነገር ግን በሰማይ ያለውም በምድር ያለውን መለየት ይገባዋል። ሐኪሞች በድንኳናቸውና በሆስፒታላቸው ጣራ ላይ ቀይ መስቀል በትልቁ የሚስሉት ስለዚህ ነው፤ ለነጂው «እዚህ ቍስለኛ አለ» ብሎ እንዲነግረው ነው። በታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ በኩል በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን ይህ ምልክት እያለበት በአይሮፕላን ተደበደበ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ የቡድኑ አለቃ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቈሰሉ። እኛ የእነርሱን ምልክት ለመለየት ስንደክም እነርሱ የእኛን ምልክት ከቍጥር አላገቡትም። በዚያው ጦርነት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ሌላ ስዊድናዊ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ነድቶ ቍስለኛ ያመላልስ ነበር። ስለዚህ በዚያን ወራት በአንድ ሰማይ የሚገድልና የሚያድን አይሮፕላን አብረው ይበሩ ነበር፤ በምድር ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ሲያይ ይሸሽ ነበር። እውነትም ነበረው።

በታኅሣሥ ወር ደግሞ ከዚህ የከፋ መጣ። በተከዜ አጠገብ የነበረው የራስ እምሩ ሠራዊት ቦምብን መልመድ ጀምሮ ነበር። አይሮፕላን ሲመጣ መበተን፥ ወደ ሸለቆና ወደ ጕድጓድ ገብቶ መተኛት እንደሚያድን ተምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አይሮፕላኖቹ የጣሉት እንደ ወትሮው በታላቅ ድምፅ የሚፈነዳ አልነበረም። በርሜል የሚመስል ነገር መሬት ሲደርስ እየተሰበረ ቀለም የሌለው ውሃ የመሰለ ነገር ረጨ። የነካው ሁሉ እጁ፥ እግሩ፥ ፊቱ ተላጠ፤ ዓይኑም ታወረ። ይህ ኢፕሪት የሚባለው መርዝ ነው። የዚህ መርዝ ትነት ከአየር ይከብዳልና ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል፤ በዚያም ይቈያል። ስለዚህ ከቦምብ ያዳነው ሸለቆ ለመርዙ ወጥመድ ሆነ። አይሮፕላኑን ለይተው ያወቁ ሰዎች የጣለውን ስላላወቁ ጠፉ።

ከጥር ወር ወዲህ መርዙ እንደ ዝናብ ከአይሮፕላን ይረጭ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፥ አይሮፕላኖቹ ዘጠኝም፥ ዐሥራ አምስትም፥ ዐሥራ ስምንትም እየሆኑ ተከታትለው በመሄድ፥ ከእነርሱ የሚወጣው ጉም አንድ ሆኖ ምድሩን እስኪሸፍን ድረስ እንደ ረጩ መሰከሩ። ይህን ንግግር ስናስብ አንድ ነገር እናስተውል። ንጉሠ ነገሥቱ «ብዙ አይሮፕላን መጣ» አላሉም። ቍጥሩን፥ አሰላለፉን፥ የጣለውን፥ የጣለበትንም መንገድ ተናገሩ። ምስክርነት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት በጫካ የነበሩት አርበኞች ሰማይን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ተማሩ። በ1932 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በከፈተች ጊዜ ግን አዲስ ነገር መጣ። ከሱዳን በኩል የእንግሊዝ አይሮፕላኖች መምጣት ጀመሩ። አምስት ዓመት ሙሉ ከአይሮፕላን ሁሉ ሲሸሽ የኖረ ሕዝብ አሁን ወዳጅ አይሮፕላን እንዳለ ማን ይነግረዋል? ያን ጊዜም የነገረው ወረቀት ነበር። ከሐምሌ ወር ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ በአማርኛ ተጽፎ፥ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ታትሞበት፥ ከአይሮፕላን ይጣል ጀመር።

ነገር ግን ወረቀት መጣል ብቻ የወዳጅ ምልክት አልነበረም። ጠላትም በ1928 ዓ.ም. ገና ሲገባ ሕዝቡ ከንጉሠ ነገሥቱ እንዲለይ የሚመክር ወረቀት ጥሎ ነበርና። ስለዚህ አንሥቶ ማንበብ፥ ማኅተሙን መመርመር፥ ቃሉን ማመዛዘን ያስፈልግ ነበር። የምልክቱም ነገር በዚያው ዓመት ተለወጠ። የኢጣልያ አይሮፕላን በጅራቱ ላይ የነበረውን ሦስት ቀለም ትቶ ነጭ መስቀል ቀባ፤ ይህም የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት መስቀል ነው። እስቲ ይህን አስቡት፤ መስቀል ባየበት ሁሉ የሚሳለም ሕዝብ ቀና ብሎ ሲያይ በጠላቱ አይሮፕላን ጅራት ላይ መስቀል አየ። ቀይ መስቀል በተሳለበት ድንኳን ላይ ቦምብ የጣሉት ራሳቸው መስቀል ይዘው መጡ። እንግዲህ ምልክቱን ማየት ግድ ነው፤ ምልክቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። የወረቀቱም ቃል እውነት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

ይህ የመለየት ችግር የእኛ የድኆቹ ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ በዚያው ዘመን በኃያላኑ የደረሰውን ይመልከት። እንግሊዞች ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ ሰማይን የሚጠብቁ ወዶ ዘማቾችን አቁመው ነበር። እነዚህም ሰዎች የአይሮፕላንን ጥላ መልክና ድምፅ እያጠኑ በየኮረብታው ቆመው ያዩትን በስልክ ያስታውቁ ነበር። ራዳር የሚባለው በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ የሚያይ መሣሪያ ከተገኘም በኋላ እነዚህ ሰዎች አልቀሩም፤ የዚያን ጊዜው ራዳር ወደ ባሕሩ እንጂ ከኋላው ወዳለው ምድር አያይም ነበርና። ደግሞም አንድ ነገር መምጣቱን ይናገራል እንጂ የማን እንደ ሆነ አይናገርም ነበር።

ይህም በኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. በአሜሪካኖች ላይ ተገለጠ። ደሴ ከተደበደበች ስድስት ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በሃዋይ ደሴት የራዳር ጠባቂዎች የነበሩ ሁለት ወታደሮች ከ200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ብዙ አይሮፕላኖች ሲመጡ አይተው ለአለቃቸው አስታወቁ። አለቃው ግን በዚያች ጠዋት ከካሊፎርኒያ የሚመጡ የራሳቸው አይሮፕላኖች እንዳሉ ያውቅ ስለ ነበር፥ እነርሱ መስለውት አታስቡ አላቸው። የመጡት ግን የጃፓን አይሮፕላኖች ነበሩ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም በፐርል ሐርበር የነበሩትን መርከቦች መቱ። እንግዲህ ያ ሹም በዚያ ሁሉ መሣሪያ፥ መምህራችን በሜዳው ላይ ሆነው የሠሩትን ስሕተት ሠራ። ሁለቱም የሚጠብቁትን አዩ እንጂ የመጣውን አላዩም።

ከእንዲህ ያለ ስሕተት የተነሣ በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠያቂና መላሽ የሆነ የሬዲዮ መሣሪያ በአይሮፕላን ላይ መግጠም ተለመደ። ከምድር ሲጠየቅ መሣሪያው «የእናንተ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ልጁ በእጅ ስልኩ ያነበበልን ነገርም የዚህ ልጅ ልጅ ነው። በአሁኑ ዘመን የመንገደኛ አይሮፕላኖች ስማቸውን፥ ስፍራቸውንና ከፍታቸውን ሳያቋርጡ በሬዲዮ ይናገራሉ፤ በምድር ያሉ ተቀባዮችም ሰምተው ወደ ስልኩ ይልካሉ። ስለዚህ ስልኩ አይሮፕላኑን አላየውም፤ አይሮፕላኑ ስለ ራሱ የተናገረውን ነገረን እንጂ። ስሙን ሊናገር ያልወደደ በስልኩ ላይ አይገኝም። ያች እናት «ምልክቱን አይተውታል?» ብለው የጠየቁኝ ጥያቄ ከልጁ ስልክ በኋላም ጥያቄ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ወደ ጽሑፌ መጨረሻ ደርሻለሁ። ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ ነገር ነው። የኢጣልያ መንግሥት መርዙን መጣሉን ብዙ ዘመን ሲክድ ኖረ። የመከላከያ ሚኒስትሩ በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከ1928 እስከ 1988 ስድሳ ዓመት ነው። በስድሳ ዓመት ውስጥ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ሸምግሏል፤ ሽማግሌ የነበረው ሞቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን እውነቱን የያዘው የሐኪሞቹ ጽሑፍ፥ የጄኔቩ ንግግር፥ ከተደበቀ መዝገብ ፈልገው ያወጡ የታሪክ ሰዎች ድካም፥ ደግሞም በገላቸው ላይ ጠባሳ የነበረባቸው ሰዎች ቃል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር የተቀበረው ቃል እጅግ ይበዛል፤ አልተጻፈምና።

ይህ ለእኛ ለካህናት ወቀሳ ነው። አባቶቻችን በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ፀሐይ የጨለመበትን ቀን፥ አንበጣ የወረደበትን ዓመት፥ ረኃብና ቸነፈር የገባበትን ወር ይጽፉ ነበር። የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት በእነዚህ በትንንሽ ጽሑፎች ብዙ ነገር አረጋግጠዋል። በ1928 ዓ.ም. ግን በአገራችን ሰማይ ያለፈውን በስንት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጻፍን? መምህሬ እስኪያርፉ ድረስ ታሪካቸውን ሲነግሩን እኔ የቅኔያቸውን ቃል ጻፍሁ፤ የጆሮአቸውን ታሪክ ግን እስከዚህች ቀን ድረስ አልጻፍሁትም ነበር። ስንት አይሮፕላን እንዳዩ፥ ከየትኛው ተራራ በኩል እንደ መጣ፥ አያታቸው ማን ይባሉ እንደ ነበር አልጠየቅኋቸውም። አሁን ማንን እጠይቃለሁ?

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤውን የምለምነው ይህን ነው። ከዚህ ኢዮቤልዩ ጀምሮ በደብራችን አንድ መዝገብ ይከፈት። ከእናቱ ወይም ከአያቱ የሰማ ሁሉ መጥቶ ይናገር፤ ጸሓፊውም ይጻፍ። ሲጻፍም «ብዙ መጣ፤ ብዙ ሰው አለቀ» ተብሎ አይጻፍ። ወሩና ቀኑ፥ የመጣበትና የሄደበት፥ ቍጥሩ፥ የክንፉ መልክ፥ ምልክቱ፥ የጣለውም ይጻፍ። ተናጋሪው ራሱ ያየውና ከሌላ የሰማው ተለይቶ ይጻፍ። ያላወቀውንም አላወቅሁም ይበል፤ ይህ አያሳፍርም።

እኔም ከበዓሉ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ብዕርና ወረቀት ይዤ ወደዚያች እናት እሄዳለሁ። በግንብ ተጠግቶ መቆምን ከማን እንደ ተማሩ፥ ያ ሰው ምን እንዳየ፥ ምልክቱም ምን እንደ ነበረ እጠይቃቸዋለሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ በመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈው የእርሳቸው ቃል ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።